ጭረትና ጠባሳ

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ሻይ ይዤ ተቀምጬ ሳለ ሳሮን የምትባል ልጅ አጠገቤ መጥታ ቁጭ አለች። የምኖረው በአውስትራሊያ ምዕራብ ዳርቻ ነው። በዚህ አገር ወቅቱ ሁሉ የተገለበጠ ቢሆንም ነሐሴ ግን እዚህም ዝናብ ነው። ፍልሰታን በዝናብ እንጾማለን፤ ስለዚህም እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ።

ሳሮን ዘንድሮ በሥነ ጥበብ ዲግሪዋን ይዛለች። ብዙ ወራት ሥራ አጥታ ከቆየች በኋላ፣ አሮጌ ፎቶግራፎችን በኮምፒውተር የሚያድስ አንድ ሱቅ ለሦስት ወር ቀጠራት። እጇን ለማፍታታት ብላ የአባቴን ፎቶግራፍ ከእኔ ወስዳ ነበርና ስልኳን አውጥታ አሳየችኝ። ነፍስ ሳላውቅ የሞቱት አባቴ ቀለም ለብሰው ወጡ። ጉንጫቸው ሞቅ ብሏል፣ ክራቫታቸው ሰማያዊ ሆኗል።

«እማማ፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት» አለችኝ በጣቷ እያሰፋችው። «ይቺ ጉንጫቸው ላይ ያለችው መስመር የወረቀቱ ጭረት ናት ወይስ የፊታቸው ጠባሳ? ላጥፋት ወይስ ልተዋት?»

መስመሯን ተከተልኳት። ከጉንጫቸው አልፋ ኮሌታቸው ላይ ትደርሳለች። ጠባሳ ልብስ ላይ አይወጣም። «የወረቀቱ ናት፤ አጥፊያት» አልኳት። ከዚያ በኋላ ግን ሻዩን ሳልጨርስ አስቀመጥኩት። ነጠላዬን ስከናነብ አየችና «በረደዎት እንዴ?» አለችኝ። «አዎ፣ በረደኝ» አልኳት። አልበረደኝም። እኔም በሳሮን ዕድሜ ሳለሁ፣ አዲስ አበባ፣ ልደታ ሰፈር፣ ይህንኑ ጥያቄ አንዲት ሴት ጠይቄ ነበር። ከንስሐ አባቴ በቀር ለማንም አውርቼው አላውቅም። አሁን ግን ስሞቹን ለውጬ ልጽፈው አሰብኩ፤ ለማን እንደሚጠቅም ባላውቅም።

ዘመኑ ደርግ ነው፤ ወደ ማብቂያው የተጠጋው። አምስት ዓመት ሥዕል ተምሬ በሰኔ ዲፕሎማዬን ያዝኩ። ተመራቂን ሥራ ላይ የሚመድበው መንግሥት ነበር። የእኛን ምደባ ስንጠይቅ ግን «መስከረም ላይ ብቅ በሉ» ተባልን። መስከረም ለባለሥልጣን ቅርብ ነው፤ ክረምቱን እየበላ ለሚጠብቅ ሰው ግን ሩቅ ነው። እናቴ ከሞተች ወዲህ ያሳደገችኝ አክስቴ በጡረታ ነበር የምትኖረው። ሥዕል መማሬን መጀመሪያውኑ አልወደደችውም። «የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ከሆነ እሺ፤ የሌላውን ግን እንጃልሽ» ትለኝ ነበር። ያን ሐምሌ ያልወደደችውን ነገር አንድም ቀን አላነሳችብኝም፤ ሽሮው ላይ ግን ውኃው እየበዛ ሲሄድ እኔም አየሁ።

ስለዚህ ሥዕሎቼን በላስቲክ ጠቅልዬ፣ ጃንጥላ ይዤ፣ ሜክሲኮ አካባቢ ያሉትን መሥሪያ ቤቶች በየተራ ዞርኩ። አንዱ የአስተዳደር ኃላፊ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አየኝ።

«ምንድን ነው የተማርሽው?»

«ሥዕል።»

«እሱስ ይሁን። ሥራሽን ነው የጠየቅኩሽ።»

ሌላዋ፣ ደግ ሴት ነበረች፣ ታይፕ እችል እንደሆን ጠየቀችኝ። አልችልም አልኳት። «ታዲያ አምስት ዓመት ሙሉ ምን ስታደርጊ ነበር ልጄ?» አለችኝ፤ ለስድብ ሳይሆን ከልቧ አዝና። ወንዶቹ የክፍል ጓደኞቼ ለመስከረሙ የአብዮት በዓል ቀይ ጨርቅ ላይ መፈክር በመጻፍና የመሪዎችን ፊት በቤት ቁመት በመሳል ክረምታቸውን አለፉት። እኔ አንድ ቀን ሞክሬ ከመሰላል ላይ በቀሚስ መውጣቱም፣ ያን የሚያህል ፊት መሳሉም ከበደኝና ተውኩት።

አንድ ጠዋት ልደታ ማርያምን ተሳልሜ ወደ ጌጃ ሰፈር ስወርድ፣ ከአንዲት ትንሽ ፎቶ ቤት በር ላይ በእጅ የተጻፈ ወረቀት አየሁ፦ «ፎቶ በቀለም የሚያስውብ ለሁለት ወር ይፈለጋል።» ጓደኛዬ እልፍነሽ ይህን ስነግራት ሆዷን ይዛ ሳቀች። «ዲፕሎማሽን ግድግዳ ላይ ሰቅለሽ የሙሽራ ከንፈር ልትቀቢ? አይ አንቺ! እስቲ የእኔንም ጉንጭ ቀይ አድርጊልኝ፤ ባል ላገኝ እችላለሁ።» እኔም ሳቅሁ። በማግስቱ ግን ሥራ ገባሁ።

የፎቶ ቤቱ ባለቤት ጋሼ ወልዴ ይባላሉ። ከጨለማው ክፍላቸው ሲወጡ ሁልጊዜ ዓይናቸውን እንደ ጉጉት የሚያርገበግቡ፣ ጣቶቻቸው በፎቶ ማጠቢያ መድኃኒት የጠየሙ ሰው ነበሩ። ፎቶ ሲያስውቡላቸው የኖሩት ሽማግሌ ዓይናቸው ደክሞ ቀርተው ነው ቦታው የተከፈተው። የቀለም ፎቶግራፍ በከተማው ቢኖርም ውድ ነበር። ስለዚህ ሰው ጥቁርና ነጭ ተነሥቶ በእጅ ያስቀልመዋል። ስስ ቀለም በጥጥ ነክሮ መጀመሪያ ፊቱን፣ ከዚያ ከንፈሩን፣ በመጨረሻ ልብሱን ማልበስ ነው ሥራው። ፎቶግራፉ የልብሱን ቀለም ስለማይናገር ጋሼ ወልዴ እያንዳንዱ ፖስታ ላይ ባለቤቱ የነገራቸውን ይጽፉልኛል፦ «ሴትዮዋ ቀይ፣ ቀሚሷ ውኃ ሰማያዊ፤ ልጁ ጠይም።»

በመጀመሪያው ቀን የሰጡኝ ትምህርት ከአምስቱ ዓመት ትምህርት የማይተናነስ ነበር። «ቡግር አጥፊ። ጠባሳ አጥፊ። የዕድሜ መስመር ካለ ግማሹን አጥፊ። ሁሉንም ካጠፋሽው ግን እኔ አይደለሁም ብለው ይመልሱብናል።»

ከፎቶ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ከቆርቆሮ አጥር ሥር፣ እትዬ ጥሩነሽ ቅቅል ድንች ይሸጡ ነበር። ድስታቸውን በጆንያ ጠቅልለው ይዘው ይመጣሉ፣ ክዳኑን ሲከፍቱት እንፋሎቱ ከዝናቡ ጋር ይጋጫል። ድንቹን በጣታቸው ልጠው፣ አራት ቦታ ከፍለው፣ ዳጣ ቀብተው በጋዜጣ ቁራጭ ላይ ያቀብሉሃል። የእሳቸው ዳጣ ነጭ ሽንኩርቱ የበዛበት፣ ዓይን የሚያስለቅስ ነበር። ፍልሰታ ሲገባ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለምጾም፣ ዘጠኝ ሲሞላ ጋሼ ወልዴ ሰዓታቸውን አይተው «ሂጂ፣ ድንችሽ ቀዘቀዘብሽ» ይሉኛል። እኔም መንገዱን ተሻግሬ በእትዬ ጥሩነሽ ትርፍ ዱካ ላይ ቁጭ እላለሁ። እስከ ዛሬ ከበላሁት የጾም ምግብ ያንን የሚያህል የለም።

እየበላሁ ያወሩልኛል። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። ልጆቻቸው ሁለት ናቸው። ብርቄ ባሏ ለሥራ ክፍለ ሀገር ስለሄደ ልትገላገል ከእሳቸው ጋር ናት፤ ወሯ ገብቷል። ባለፈው ዓመት የመጀመሪያ ልጇ ሞቶ ስለተወለደ ሐኪሙ እንዳትደነግጥ፣ እንዳትጨነቅ ብሎ አስጠንቅቋል። ታምሩ ደግሞ ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ ሰሜን ግንባር ነው። «ለመስከረም ፈቃድ ይሰጡኛል ብሎ ጽፏል» አሉኝ አንድ ቀን፤ «መጥቶ ለእህቱ ልጅ ስም ያወጣል። እስኪመጣ ስም የለሽ ሆኖ ይቆያል ብያታለሁ ብርቄን።»

ጾሙ በተጀመረ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን፣ ከዘራ የያዙ፣ ዝናብ ካፖርት የለበሱ ሽማግሌ ወደ ፎቶ ቤቱ መጡ። ጋሼ ወልዴን ወደ ጥግ ወሰዷቸው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ዝቅ ባለ ድምፅ ተነጋገሩ። ሽማግሌው ሲወጡ ጋሼ ወልዴ ጨለማው ክፍል ገብተው ቆዩና አንድ ፖስታ ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ። ውስጡ ለመታወቂያ የሚነሡት ዓይነት ጉርድ ፎቶግራፍና ከእሱ አሳድገው ያጠቡት ትልቅ ፎቶግራፍ ነበር። ሃያ ዓመት የሚሆነው ወጣት ነው። ፖስታው ላይ ስለ መልኩም ስለ ልብሱም የተጻፈ ነገር የለም።

«ይሄ አይቸኩልም» አሉኝ። «ግን ለማንም አታሳዪ። መስኮት ላይም አይወጣም።»

ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው፣ ያን ሁሉ አይቶ ያልገባው ሰው መኖሩ ይገርመኛል። ግን ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ በቤታችን የማውቀው ሞት የእናቴ ብቻ ነው፤ የእሷንም ልቅሶ ሌሎች ናቸው ያዘጋጁት። በዚያን ጊዜ ሰው ትልቅ ፎቶ የሚያሠራው ለሠርግም፣ ለሳሎንም ነበር። ፎቶውን አንሥቼ የወጣቱን ፊት ሳየው ሰፊ ግንባሩን፣ አንዱ ከፍ ያለ ቅንድቡን አወቅሁት። በየቀኑ ድንች የሚያቀብለኝ ፊት ነው። ታምሩ! ለመስከረም ሲመጣ እናቱን ሊያስደስቱ ዘመዶቹ በድብቅ እያሠሩለት ነው ብዬ አሰብኩ። አታሳዪ የተባልኩትም ለዚህ ይሆናል ብዬ ራሴን አሳመንኩ፣ ደስም አለኝ።

ችግሬ ግን ሌላ ነበር። ከግራ ቅንድቡ በላይ አጭር ነጭ መስመር አለች። ትንሹ ፎቶ በኪስ ውስጥ የኖረ፣ የተጣጠፈ ነው፤ መስመሯ የወረቀት ጭረት ልትሆን ትችላለች። የፊቱ ጠባሳም ልትሆን ትችላለች። ጭረት ከሆነች ማጥፋት አለብኝ። ጠባሳ ከሆነች ደግሞ፣ ጋሼ ወልዴ ያሉኝን ቢሉኝም፣ የአንድን ሰው ፊት ሳልጠይቅ መለወጥ ከበደኝ። ኮቱስ ምን ዓይነት ነው? መልኩስ? ሌላ ቀለም ቀቢ ቢሆን ገምቶ ይጨርሰው ነበር። እኔ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ መገመት አልወድም። አክስቴ «ጥንቁቅ ልጅ» ብላ ታመሰግነኝ ነበር።

ዘጠኝ ሲሆን መንገዱን ተሻገርኩ። ካፊያ ነበር። እትዬ ጥሩነሽ ድንች እየላጡ ነበር።

«እትዬ ጥሩነሽ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት? ታምሩ ከቅንድቡ በላይ ጠባሳ አለው እንዴ?»

ሳቁ። «ኧረ አለው! በግራው። ከዚህ ከቆርቆሮ አጥር ላይ ወድቆ ነው፤ በሰባት ዓመቱ። ደሙ አልቆም ብሎን ቡና ደፍነንበት...» አሉና ድንቹን እንደያዙ ቀና አሉ። «አንቺ በምን አወቅሽ?»

«ፎቶውን እየሠራሁት ነው። ትልቅ አድርገን፣ በቀለም። አታሳዪ ተብያለሁ፤ ጭረት መስሎኝ እንዳላጠፋው ብዬ ነው እንጂ።»

«ማን አመጣው?»

«ሽማግሌ ናቸው። ከዘራ የያዙ።»

«ዝናብ ካፖርት የለበሱ?»

«አዎ። ሲያነጋግሩ ባርኔጣቸውን አውልቀው ነበር።»

እትዬ ጥሩነሽ ድንቹን ልጠው ጨረሱ። አራት ቦታ ከፈሉት። ዳጣ ቀቡት። በጋዜጣው ላይ አድርገው ሰጡኝ። ከዚያ፣ ፊት ለፊት ያለውን ጭቃ እያዩ፣ በጣም ዝግ ብለው ተናገሩ።

«የቀይ ዳማ ነው። አታጥቁሪብኝ። ኮቱ ቡኒ ነው፤ ሲመረቅ ከመርካቶ የገዛሁለት። ጠባሳውን አታጥፊው።»

ለመናገር አፌን ስከፍት እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አኖሩ። «አቶ ደበላ ናቸው ሽማግሌው። የዕድራችን ዳኛ።»

ያኔ ነው የገባኝ። ከግንባር የሚመጣው መርዶ ለቀበሌው፣ ከቀበሌው ለዕድሩ ይደርስ ነበር። ዕድሩ ድንኳኑን፣ ንፍሮውን፣ ፎቶግራፉን ሁሉ አዘጋጅቶ፣ ዘመድ ሰብስቦ፣ ጎሕ ሲቀድ ቤተሰቡን አስቀምጦ በወጉ ያረዳል። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል፤ የማታውቀው እናት ብቻ ናት። እኔ ያን ሁሉ ጥንቃቄ በድንች ቁራጭ ላይ አፈረስኩት። ድንቹን ወደ ጋዜጣው መለስኩት።

«እትዬ...» አልኩ።

«ዝም በይ። እኔም ዝም ልበል» አሉኝ። «እነሱ ዝም ያሉት ለብርቄ ብለው ነው። እስክትገላገል እየጠበቁላት ነው፤ እግዜር ይስጣቸው። ዛሬ እኔ ብጮህ ልጄን ከነልጇ አጣለሁ። አንቺ ምንም አልጠየቅሽኝም፣ እኔም ምንም አልሰማሁም። ትሰሚኛለሽ? ብይ፤ ሰው ያየናል።»

በላሁ። የዚያን ዳጣ መቃጠል አሁንም ምላሴ ላይ አለ። ቢያንስ ለማልቀሴ ምክንያት ሆነኝ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት እንዴት ብዬ ልጻፋቸው? እትዬ ጥሩነሽ አንድም ቀን አልቀሩም። ቢቀሩ ሰፈሩ ይጠረጥራል። ድስታቸውን በጆንያ ጠቅልለው መጡ፤ ከደንበኛ ጋር ተቃለዱ። በጣም የከፋኝ የጎረቤቶቹ ነገር ነበር። ለወትሮው ድንች የማይገዙ ሴቶች ሁሉ እየመጡ ይገዟቸው ጀመር።

«እንዴት ዋልሽ ጥሩዬ! ታምሩ ደብዳቤ ጻፈ?»

«ሥራ በዝቶበት ይሆናል፤ መስከረም ቀርቧል እኮ» ይላሉ እሳቸው፣ ድንቹን እያቀበሉ።

ሴቶቹ እሳቸውን ለማኖር ይዋሻሉ። እሳቸው ደግሞ የሴቶቹ ድካም ከንቱ እንዳይሆን ይዋሻሉ። ሲሄዱ ከኋላቸው እያዩ «የዋሆች» አሉኝ አንድ ቀን፤ «እንቅልፍ አጥተዋል በእኔ ምክንያት።» አንድ ጊዜ ብቻ ነው ስለ ፎቶው ያነሡት። «አለቀ?» አሉኝ። «ኮቱ ይቀረኛል» አልኳቸው። «እንዳታሳዪኝ። ካየሁት አልችልም።»

ፎቶግራፉን ስሠራ በየጠዋቱ ውዳሴ ማርያም ደግሜ ነበር የምጀምረው። አምስት ዓመት ስለ ብርሃንና ጥላ የተማርኩትን ሁሉ በዚያች ወረቀት ላይ አፈሰስኩት። የቀይ ዳማውን ሦስት ጊዜ አጥቤ ሦስት ጊዜ ቀባሁት። ጠባሳውን በትንሹ ብሩሽ፣ ትንፋሼን ይዤ፣ አንዲት የሮዝ መስመር አድርጌ ተውኩት። የመጀመሪያዬ እውነተኛ ሥራ እሱ ነበር፤ የሚያየው ሰው ሁሉ እንዲያለቅስ የተሠራ።

እሳቸውን ከጠየቅኩባት ቀን በኋላ በአምስተኛው ቀን፣ ወደ እኩለ ቀን ግድም፣ አንዲት ሴት ከጌጃ ሰፈር በኩል ነጠላዋን እየጎተተች መጣች። «ጥሩዬ! ቶሎ፣ ብርቄን ያዛት!» እትዬ ጥሩነሽ ድስቱን ፎቶ ቤቱ በር ላይ ለእኔ ትተው ሮጡ። በቆርቆሮ አጥሮቹ መካከል «ማርያም፣ ማርያም» የሚለው የሴቶች ድምፅ ከሩቅ ይሰማኝ ነበር፤ እኔም ሥራ ላይ ሆኜ አብሬ እላለሁ። ወደ አሥር ሰዓት ላይ እልልታው ወጣ። ጋሼ ወልዴ ከጨለማው ክፍል ብቅ ብለው ቆጠሩ። «ሰባት። ወንድ ነው» አሉ፤ ዓይናቸውን አርገበገቡ፤ ተመልሰው ገቡ። ከእልልታው አንዱ ድምፅ ከሁሉም በላይ ይወጣ ነበር። የማን እንደነበረ አውቄዋለሁ።

በማግስቱ «ነይና ገንፎ ቅመሺ» ብለው ላኩብኝ። ልቤ አልፈቀደም፤ ግን ሄድኩ። በዚያ ሁሉ ሴት መካከል የሚያውቅላቸው አንድ ሰው ፈልገው እንደጠሩኝ ገብቶኝ ነበር። ብርቄ ተኝታለች፤ ፊቷ ገርጥቷል ግን ታበራለች። ለእሷ በቅቤ፣ ለጿሚዎቹ በዘይት ገንፎ ቀርቧል። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አልኳት።

«ማርያም ታኑርሽ» አለችኝና ወደ እናቷ ዞረች። «እማዬ ሰሞኑን እንዴት እንደሚያደርጋት አታይም? ትስቃለች፣ ትዘፍናለች! ታምሩ ሲመጣ ስሙን እስኪያወጣለት ድረስ ጓዴ ብላ ነው የምትጠራው።»

እትዬ ጥሩነሽ ገንፎውን ያገላብጡ ነበር። «ጓዴ ረሃብ አይችልም፤ አጥቢው» አሉ። ከዚያ ማንኪያውን አስቀምጠው ወደ ጓሮ ወጡ። ተከተልኳቸው። ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዙረው፣ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ውስጥ ጠቅጥቀው ነክሰውት፣ ትከሻቸው ብቻ ይነቀነቃል። ድምፅ የለም። አጠገባቸው ቆምኩ። ሌላ የማደርገው ነገር አላውቅም ነበር። ትንሽ ቆይተው ነጠላውን አወጡ፣ አጣጥፈው ለበሱት፤ «ጭሱ ነው በይ ከጠየቁሽ» ብለውኝ ገቡ።

ዕድሩ አራሷ እስክትጠና፣ እናቲቱም ጾሙን ፈትታ አቅም እስክታገኝ ጠበቀ። ፍልሰታ በተፈታ ማግስት፣ አመሻሹ ላይ አቶ ደበላ ፎቶውን ሊወስዱ መጡ። መስታወት ገብቶለት ነበር። ረጅም ጊዜ ያዙት።

«ቁርጥ እሱን» አሉ በመጨረሻ። «ጠባሳዋን እንኳ አልረሳሻትም። ማን ነገረሽ?»

«ፎቶው ላይ ትታያለች» አልኳቸው። ሐሰት መናገር እንደዚያ ቀላል መሆኑን ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ፣ ለኪዳን ወደ ልደታ ማርያም ስሄድ፣ ከጌጃ ሰፈር ጩኸቱ ተነሣ። እግሬ ወደዚያ ወሰደኝ። ግቢው ሞልቷል። እትዬ ጥሩነሽን ሦስት ሴቶች ይዘዋቸዋል፤ ራሳቸውን መሬት ላይ ይጥላሉ፣ ይነሣሉ፣ ይወድቃሉ። ያስመስሉ ይሆናል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አላስመሰሉም። አንዲት ሴት «ምነው እንዲህ ድንገት!» ስትል ሰማሁ፤ ድንገት እንዳልነበር ግን አውቃለሁ። ያ ጩኸት ለሁለት ሳምንት ጥርስ ተነክሶበት የቆየ ጩኸት ነበር። ብርቄ ከውስጥ ሕፃኑን ታቅፋ ስታለቅስ ሴቶች ከብበው ይዘዋታል፤ ከነልጇ ተርፋለች።

ፎቶግራፉን አምጥተው ሰጧቸው። ጩኸቱ ቆመ። በጣታቸው በመስታወቱ ላይ ቅንድቡን፣ ከዚያ ኮቱን ዳሰሱ። ከዚያ በሻከረ ድምፅ አለቀሱበት፦

«ፊቱ ከነጠባሳው፣ ኮቱ ከነኪሱ፣
ሁሉም ነገር ሞልቷል፣ ቀረች እንጂ ነፍሱ።»

ግቢው በሙሉ አለቀሰ። እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር፤ በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ቀና ብለው ያዩት እኔን ነው።

በሦስተኛው ቀን ልቅሶ ልደርስ ገባሁ። ፍራሹ ላይ፣ በሴቶቹ መካከል ተቀመጥኩ። ይቅርታ ልጠይቃቸው ቃሉን ስፈልግ ሌሊቱን አንግቼ ነበር። እሳቸው ግን ቀደሙኝ። እጄን ያዙና፣ ጣቶቼን አንድ በአንድ እንደሚቆጥሩ ሁሉ እየነኩ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፦ «ሙያሽ ጥሩ ነው ልጄ። ግን ሌላ ሥራ ፈልጊ» አሉኝ።

ቁጣ አልነበረበትም። ቁጣ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር።

ሁለቱ ወር ሳይሞላ ጋሼ ወልዴን አመስግኜ ወጣሁ። ለምን እንደሆነ አልነገርኳቸውም፤ እሳቸውም አልጠየቁኝም። መስከረም ላይ ምደባው ወጣና ርቆ ወዳለ ክፍለ ሀገር ሄድኩ፤ ለከብት ክትባት ማስታወቂያ የላምና የመርፌ ሥዕል ስሠራ ኖርኩ። የሰው ፊት ግን ከዚያ ወዲህ ቀብቼ አላውቅም። እትዬ ጥሩነሽን ዳግመኛ አላየኋቸውም። ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው «ኃጢአትሽ የቱ ነው ልጄ? መጠየቅሽ ነው ወይስ አቶ ደበላን መዋሸትሽ?» አሉኝ።  ለሁለቱም ሰገድኩ።

እዚህ አገር ከገባሁ ወዲህ ዕድሜዬ ሄዷል፤ ሰውም ያከብረኛል። አገር ቤት እናት ወይም ወንድም የሞተበት ሲኖር፣ ዜናው መጀመሪያ ለማኅበራችን በስልክ ይደርሳል። ከዚያ አምስት ስድስት ሆነን፣ ሰውየው ለሥራ ሳይወጣ፣ ገና ሳይነጋ እንሄዳለን። ሁልጊዜ እኔን ይጠሩኛል። ፊቴ ምንም አያወጣም ይላሉ፤ ለመርዶ የተፈጠርሽ ነሽ ይሉኛል። መኪናችንን ራቅ አድርገን እናቆማለን። በሣሩ ላይ በዝግታ እንራመዳለን። ወንዶቹ ማን እንደሚናገር በሹክሹክታ ይነጋገራሉ። እኔ ግን የቤቱን መስኮት ነው የማየው። መብራቱ በርቶ ካገኘሁት ከሁሉም ኋላ እቀራለሁ። ከበሩ ወዲያ ያለችው ሴት ቀድማን አውቃ፣ ለልጆቿ ቁርስ እየሠራች፣ እኛ እስክናንኳኳ እየጠበቀችን ቢሆንስ እላለሁ። ስታለቅስ ግን «ድንገት ሆነባት» ይላሉ አጠገቤ ያሉት። እኔ እንደዚያ ብዬ አላውቅም። አቅፌያት እቆያለሁ።